የጉሎ ዘይት የሚጠጣው አውሮፕላን

እናንተዬ፣ ፍርሃት ብዙ ዓይነት ነው። የጅብ ፍርሃት አለ፣ የመርፌ ፍርሃት አለ፣ የአማት ፍርሃት አለ። ሦስቱንም ቀምሻቸዋለሁ፤ ከአማቴ ጋርም ኋላ ላይ ታርቀናል። የአንቴና ፍርሃት የቀመሰ ሰው ካለ ግን እጁን ያውጣ፣ ሄጄ አጠገቡ ልቀመጥ። ሌላው ሰው ሳወራለት ይስቃል። ይሳቅ፤ አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አልሳቅኩም።

ነገሩ የመጣው በባሌ በኩል ነው። ነገር ሁሉ በባል በኩል ይመጣል አልልም፤ ግማሹ ነው። ባሌ ጌታሁን ናዝሬት ውስጥ አንድ ዘይት መጭመቂያ ቤት መካኒክ ነበር። በደርግ ጊዜ መካኒክ የሆነ ሰው ዕድል ከቀናው ወደ ሶሻሊስት አገር ለሥልጠና ይላክ ነበርና፣ ቀናውና ቼኮዝሎቫኪያ ተላከ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው ቀሚስና ሱሪ እየሰፋሁ ጠበቅኩት።

የሌሎቹ ሠልጣኞች ሚስቶች ምን ምን እንዳገኙ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንዷ ቴፕ አገኘች። አንዷ የሸክላ ሰሃን ከነሾርባ ማንኪያው አገኘች። አንዷ ደግሞ የበግ ጠጉር ያለው ካፖርት አግኝታ፣ በዚያ በናዝሬት ሙቀት ለብሳው ገበያ ወጥታ፣ ሰው ደግፎ ወደ ቤቷ መለሳት። እኔም አውቶቡስ ተራ ቆሜ ስጠብቅ ዓይኔ ያለው ጣሪያው ላይ በተጫነው ዕቃ ላይ ነበር። ጌታሁን ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረውም። አንድ ረጅም ካርቶን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ወረደ። እኔን ከመሳሙ በፊት ካርቶኑን የት እንደሚያሳርፍ ነበር የተጨነቀው።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቤት እንግባና ታይዋለሽ» አለኝ፣ ግራና ቀኝ እያየ።

ግራና ቀኝ ማየቱን አልወደድኩለትም።

ቤት ገብተን በር ዘግተን ከፈተው። ክንፍ ወጣ፣ ጅራት ወጣ፣ ሎሚ የምታክል ሞተር ወጣች። ሲገጣጠም አውሮፕላን ይሆናል አለኝ። መጫወቻ እንዳይመስለኝ፤ ሰው ሳይነካው ከሩቅ እየታዘዘ የሚበር፣ ሰማይ ላይ የሚገለባበጥ፣ የሚሽከረከር፣ የክብ ቀለበት የሚሠራ ነው። አሠልጣኙ እሁድ እሁድ ከከተማ ወጣ ብሎ ሲያበር ይዞት ይሄድ ነበርና፣ እሱንም አንዳንድ ጊዜ ያስነካው ኖሯል። ሲሰናበቱ ሸለመው። ይህንን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔን ተሰናብቶኝ ሲሄድ እንኳን እንዲህ አልሆነም።

ከካርቶኑ ሥር ግን አንድ ጥቁር ሳጥን ነበር፤ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ፊቱ ላይ ቆመዋል። ከአናቱ ላይ ጌታሁን አንቴና ሳበ። ይስበዋል፣ ይመጣል። ይስበዋል፣ ይመጣል። ቆሞ ትከሻዬ ደረሰ።

«ይሄስ?»

«እሱማ ማሰራጫው ነው። አውሮፕላኑን በሬዲዮ የሚያዘው።»

በዚያ ዘመን ሬዲዮ የሚሰማ ሰው እንኳን ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ለጥፎ፣ ሚስቱን በር ላይ አቁሞ ነበር የሚሰማው። እኛ ቤት የመጣው ጭራሽ የሚናገር ሬዲዮ ነው። ደግሞ እኛ ጴንጤ ነን፤ ቤታችን ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው መቼ ይመጣል ብሎ ከአጥር ውጭ የሚጠብቅ አለ። አንዴ ለልብስ ልኬት የመጡ ሙሽራና ሚዜዎቿን እንኳ ጸሎት ነው ተብሎ ተጠይቄባቸዋለሁ። ያንን አንቴና ያየ የቀበሌ ሰው ባሌን ይዞት እንደሚሄድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሄደው የቀሩ ባሎች ነበሩ።

«የሚናገረው እኮ ለአውሮፕላኑ ብቻ ነው» አለኝ ጌታሁን።

«ይህንን ለአብዮት ጠባቂው ታስረዳዋለህ።»

አልጋ ሥር ከተትነው። እኔ ከላይ ተኛሁ፤ መተኛት ካላችሁት። ትራሴን አልፎ፣ ፍራሹን አልፎ፣ ያ አንቴና ወገቤን የሚወጋኝ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ለምን አልጣላችሁትም ትሉኝ ይሆናል። ጌታሁን ያን ነገር ሲያይ የሚሆነውን ብታዩ አትሉኝም ነበር። ከሥራ ሲመጣ ፊቱ ጭምድድ ብሎ ነው የሚገባው፤ ካርቶኑን ሲስብ ግንባሩ ይፈታል። እኔም ደግሞ፣ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ እጄ በላኝ። የልብስ ሰፊ እጅ ያልተገጣጠመ ነገር አይቶ ዝም አይልም።

ክንፎቹ አጽም ብቻ ነበሩ፤ ቀላል እንጨት፣ ጎድን በጎድን። ጨርቅ ይለብሳሉ። ለአንድ ሱፍ ኮት ገበር ከገዛሁት የተረፈ ቀይ ፎደራ ነበረኝ። ያንን ፎደራ ቆርጬ፣ ለጥፌ፣ በከሰል ካውያ ጫፍ ጫፉን ተኩሼ ሳለብሰው፣ ጌታሁን አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ትንፋሹን ይዞ ያያል። ቫርኒሽ ሲቀባ ጨርቁ ተወጥሮ እንደ ከበሮ ድም ድም አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለሙሽራም እንደዚያ ያማረ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም።

ሚዛኑ ቀጠለ። ከክንፉ ሥር በሁለት ጣት ሲያነሱት አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ማለት አለበት አለ። የእኛው ጅራቱን ነው የሚጥለው። አፍንጫው ውስጥ የሻንጣ ቁልፍ ከተትንለት፣ እሺ አለ።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። ከጅራቱ ጫፍ እንደ ኪስ ክዳን ከፍ ዝቅ የምትል ጠፍጣፋ ነገር አለች። በቀጭን ሽቦ ከሆዱ ውስጥ ካለች ትንሽ ሞተር ጋር ትያያዛለች፤ ከሩቅ ዘንጉን ስትነካው ሞተሯ ትዞራለች፣ ሽቦው ክዳኗን ያንቀሳቅሳል። መውጣትና መውረድ በእሷ ነው። ክዳኗ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ ሽቦው የሚገባው ከላይኛው ነው ወይስ ከታችኛው? የመመሪያው ወረቀት በቼክ ቋንቋ ነው። ጌታሁን ከቋንቋው የያዘው የብሎን ዓይነቶችንና አመሰግናለሁን ብቻ ነው።

ሥዕል ግን አለው። ሥዕል ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ስንት የቀሚስ ሞዴል ወረቀት አንብቤ የቆረጥኩ ሰው ነኝ። አየሁት፣ አዟዟርኩት።

«ይሄ ሥዕል በግልባጩ ነው የተሣለው» አልኩ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ልብስ በግልባጩ ነው የሚሰፋው ጌታሁን። ሰፍተህ ትገለብጠዋለህ። ሞዴል የሚሥል ሰው ሁሉ ከውስጥ በኩል ነው የሚሥለው። ስለዚህ እሱ ከላይ ያሳየው ለእኛ ታች ነው።»

ባሌ መካኒክ ነው፤ ሞተር ፈቶ የሚገጥም ሰው ነው። ነገር ግን ከእኔ ጋር ስለ ሞዴል ወረቀት አይከራከርም። ካቻቪቴውን አንስቶ ከታችኛው ቀዳዳ አሰረው። ከዚያ ማሰራጫውን ከፍተን፣ መጋረጃ ጋርደን፣ አንቴናውን እኔ በነጠላ ሸፍኜ ይዤ፣ ሞከርነው። ዘንጉን ወደ ራሱ ሳበ። ክዳኗ ወደ ታች ወረደች።

«እዚያ አገር ዘንጉን ስትስበው ይነሳ ነበር» አለ እያመነታ።

«ታዲያ ልክ ነዋ። ክዳኗ ወደ ታች ነፋሱን ትገፋለች፣ ነፋሱ ደግሞ መልሶ ወደ ላይ ያነሳዋል።»

ሁለታችንም ጭንቅላታችንን ነቀነቅን። ትምህርት ሚኒስቴር ቢያየን ይሸልመን ነበር።

የቀረው ሞተሩን ማስነሳት ነው። ያቺ ሎሚ የምታክል ሞተር የምትጠጣው ግን እንደ ሰው መኪና ቤንዚን አይደለም። ነጭ ጋዝ፣ የጉሎ ዘይትና ኤተር ተደባልቆ ነው። ነጭ ጋዝ ከፋኖሳችን ቀዳን። የጉሎ ዘይት ጌታሁን ከመጭመቂያ ቤቱ አመጣ። ኤተር የሚባለው ግን ሐኪም ቤት ሰው ሲቀደድ ማስተኛ ነው፤ እሱንም የሆነ ቦታ የሚሠራ የሆነ ሰው ሰጠው። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ዛሬም ደግ ሰው ነው።

ሲቀላቅል መስኮት አልከፈትንም፣ ሰው እንዳያይ። እኔ ከመኪናዬ ፊት ቁጭ ብዬ የጓድ ገመቹን ሱሪ ቂጥ እየሰፋሁ ነበር። ጓድ ገመቹ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው፤ ለአብዮት በዓል የሚለብሰውን ካኪ እኔ ነበርኩ የምሰፋው። ዓይኔ ከበደኝ። ስነቃ የቀኙን እግር ከግራው ጋር ዙሪያውን ሰፍቼ ዘግቼዋለሁ። ጌታሁን ጣሳውን ታቅፎ ግድግዳ ተደግፎ ያንኮራፋል።

በሩ ተንኳኳ። ግቢ የምንጋራቸው አዴ ጫልቱ ናቸው፤ ዶሮ የሚያረቡ፣ ጠዋት ሲነሱ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ሳይሉኝ ውለው የማያውቁ ትልቅ ሰው።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ዶሮዎቼ መስኮታችሁ ሥር በቀን ተኝተዋል። ምንድን ነው የምታፈሉት?»

«የሳል መድኃኒት ነው አዴ።»

«ማነው የሚያስለው?»

«ጌታሁን።»

ጌታሁን ከውስጥ ሳለ። አዴ ጫልቱ እኔን አዩኝ፣ ወደ ውስጥ አሸተቱ፣ ራሳቸውም ትንሽ ተንገዳገዱ። «መድኃኒቱስ ይሠራል» ብለው ዶሮዎቻቸውን አንድ በአንድ እያቀፉ ሄዱ።

ያን ቀን ማቆም ነበረብን። ጌታሁን ግን ለአንድ አፍታ ብቻ ድምፁን ልስማው አለ። አንድ አፍታ። ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይሰማ እኔ የስፌት መኪናዬን በኃይል እንድረግጥ ተስማማን። ሞተሩ አፍንጫው ላይ የሚያሽከረክረውን ማራገቢያ በጣቱ መታው። ዝም። መታው። ዝም። መታው።

የምን ንብ፣ የምን ወፍጮ ቤት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነውና ጮኸ፣ ግድግዳው ጮኸ፣ እኔ ጮህኩ፣ የእኔን ግን ማንም አልሰማም። የሞዴል ወረቀቶቼ ተነስተው ቤቱን ዞሩ። የጉሎ ዘይቱ ከሞተሩ እየተረጨ ግድግዳው ላይ፣ ፊታችን ላይ፣ የጓድ ገመቹ ካኪ ላይ አረፈ። ጌታሁን አጥፋው ስለው ከንፈሬን አይቶ ይገባዋል፤ የሚያጠፋበትን ግን አያውቅም፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ ነው። እኔ እግሬ መኪናውን መርገጥ አላቆመም። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ የታዘዝከውን ታደርጋለህ።

ውጭ ደግሞ የጦርነት ጊዜ ነው፤ የጠላት አውሮፕላን ይመጣል እየተባለ ይወራ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አልጋ ሥር ገባ። አዴ ጫልቱ ሁለት ዶሮ ይዘው ጠረጴዛ ሥር እንደነበሩ ኋላ ነግረውኛል። የቀበሌው ደወል ተደወለ። ሞተሩ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ የቦት ጫማ ኮቴ ሰማሁ።

ጓድ ገመቹ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ኋላው ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ቆሟል። ጓድ ገመቹ ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ጋሪ ነጂ ነበር፤ ከተማውን ሁሉ ያውቀዋል፣ ከተማው ሁሉ ደግሞ ይፈራዋል። የሚገዛን በአማርኛ ነው። ሲደነግጥ ግን ኦሮምኛው ይቀድመዋል።

«ማሊ ኩን?» አለ። ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«አውሮፕላን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

«አውሮፕላን መሆኑንማ አየሁ። ያኛውስ?» አለና በአንቴናው ላይ አፈጠጠ። ነጠላዬ ከላዩ ወድቋል።

ነጠላውን አንስቼ መልሼ ሸፈንኩት።

«ከማን ጋር ነው የምትነጋገሩት?»

«ከእሱ ጋር» አለ ጌታሁን፣ ጣቱን ወደ አውሮፕላኑ ቀስሮ።

«ምን ይላችኋል?»

«እሱ አይናገርም። መታዘዝ ብቻ ነው።»

ጓድ ገመቹ ወደ አውሮፕላኑ ጎንበስ አለ። «እንዲህ ያለ አባል ቢኖረኝ» አለ ለራሱ። ከዚያ ፊቱን መልሶ አጠቆረው። «ተነስ፣ ጫማህን አድርግ።»

ጫማህን አድርግ የሚለውን ቃል ያን ጊዜ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ጌታሁን ጎንበስ አለ፣ ጫማውን ፈለገ። እኔ ውሸታም አይደለሁም፤ የማልዋሸው ግን ስለማልችል እንጂ ስለማልፈልግ አይደለም። የዚያን ቀን ቻልኩ።

«ለበዓሉ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«ለአብዮት በዓል። የቀበሌያችን ስጦታ እንዲሆን። አልጨረስነውም እንጂ ለእርስዎ ልናሳይዎት ነበር።»

በሌላው ቀበሌ ለሰልፉ ባለ ጎማ ትራክተር ከካርቶን ተሠርቷል ሲባል ነበር። ሌላው ዓለምን የሚያክል ሉል በወረቀት ሠርቷል። የእኛ ቀበሌ ያለው መዘምራኑ ብቻ ነው፤ ከእነሱም የሁለቱ ጉሮሮ ተዘግቷል። ጓድ ገመቹ አውሮፕላኑን እንደ ፈረስ ዙሪያውን ዞረው። ጅራቱን አነሳ። ሆዱን ዳበሰ። ጥርሱን ያያል ብዬ ነበር።

«ይበራል?»

«ይበራል» አልን ሁለታችንም፣ በእኩል ፍጥነት።

«ይገለባበጣል» ጨመረ ጌታሁን። ያን መጨመር አልነበረበትም።

ጓድ ገመቹ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓዲት፣ ከበረረ ጥሩ። ካልበረረ ግን ይሄ ሬዲዮ እንዴት ቤትሽ እንደገባ ባልሽ ይናገራል። ለእኔ አይደለም። ለላይ ነው።» ሲወጣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካኪ ጋር ተገናኘ። «የእኔ ሱሪ ነው?»

«ይታጠባል» አልኩት።

ታጠበ። የጉሎ ዘይት ግን ምን ቢታጠብ እድፉ ይለቃል እንጂ ሽታው አይለቅም።

አንድ ጊዜ እንኳን ሜዳ ወስደን እንሞክረው ብንለው፣ ሌላው ቀበሌ ይሰማል ብሎ ከለከለ። ምሥጢር እንዲሆን በራችን ላይ ዘብ አቆመ። እንግዲህ አስቡት፤ ባሌን እንዳይወስዱት ብዬ ዋሸሁ፣ በዚያው ቀን በሬ ላይ ጠመንጃ ቆመ። ዘቡ ደግሞ ጨዋ ነው፣ ውኃ ስሰጠው ይመርቀኛል። እኔ ግን ምግብ አስጠላኝ። ስፌቴም አበደ፤ ለአንድ ሰውዬ ሸሚዝ ሁለት የግራ እጅጌ ገጥሜ፣ ሲመጣ ልኩ ነው ብዬ ልከራከረው ምንም አልቀረኝም።

ጓድ ገመቹ ማምሻውን እየመጣ ያይ ነበር። መፈክር ይጻፍበት አለ። ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ኢትዮጵያ አንደኛው ክንፍ ላይ፣ ትቅደም ሌላው ላይ። «ከሥር ነው የሚጻፈው» አለ፣ «ጀርባው ላይ ከተጻፈ ሰፊው ሕዝብ እንዴት ያነበዋል?» ከነጭ ጨርቅ ፊደሎቹን ቆርጬ ለጠፍኩ። በማስመሪያ እየለካሁ ነው የቆረጥኳቸው፤ አንዷ እንኳን ብትንጋደድ ሌላ ጥያቄ ነው።

ጌታሁን ደግሞ በአንድ ማታ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ እኮ እዚያ አገር ብቻዬን አስነስቼ አላውቅም» አለኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው የምታውቀው?»

«ከተነሳ በኋላ ያለውን።»

ያን ማታ ማዕዱን አነሳሁ። ሁለታችንም አልበላንም።

በዓሉ ደረሰ። ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ሰው እንደ ጤፍ ፈሷል። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን እያነሳ ባንዲራውን እያስጮኸ ነው። ዳስ ተሠርቶ ከላይ የመጡት ትልቁ ጓድ መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ የሚያዩት አይታወቅም። የካርቶኑ ትራክተር አለፈ። ሉሉ ነፋስ ወስዶት ሁለት ሰው ሮጦ መለሰው። ከዚያ የእኛ ቀበሌ ተጠራ።

የእኔ ሥራ ሞተሩ ሲነሳ ጅራቱን መያዝ ነው። ጌታሁን ማራገቢያውን መታው፣ ወዲያው ተነሳ። ያን ጊዜ ምናለ ባይነሳ ብዬ ነበር። ጓድ ገመቹ በዚያ በሚሸተው ካኪው አጠገባችን ቆሞ፣ አንዴ ዳሱን አንዴ እኛን ያያል።

«ልቀቂ» አለኝ ጌታሁን። ጣቶቼ እንቢ አሉ። «ልቀቂ እንጂ አንቺ» አለኝ፤ ጓድ ገመቹ እጄን ይዞ አላቀቀኝ።

አውሮፕላኑ በጎማው ሮጠ። ጌታሁን ዘንጉን ወደ ራሱ ሳበ። ይነሳል ስንል አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ እንደ አዴ ጫልቱ ዶሮ እየተንደረደረ ሄደ። ጌታሁን አብልጦ ሳበ፣ እሱም አብልጦ ደፋ። ቀጥታ ወደ ዳሱ ነው የሚሮጠው። እናንተዬ፣ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ የበራው። ክዳኗ የምታነሳው ጅራቱን ኖሯል። ጅራት ሲነሳ ደግሞ አፍንጫ ይደፋል። ከላይኛው ቀዳዳ መሆን ነበረበት። ሥዕሉ በግልባጩ አልነበረም።

«ግፋው» አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ወደዚያ ግፋው ጌታሁን።»

ገፋው። ከዳሱ ፊት ጥቂት ሲቀረው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ተወነጨፈ። ትልቁ ጓድ መነጽራቸውን አወለቁ። ሕዝቡ እልል አለ። ጌታሁን ደንግጦ እንደገፋ ቀረ፤ አውሮፕላኑ ወጣ፣ ወጣ፣ ወደ ኋላው ተቀለበሰና በጀርባው ተንጋለለ። ሆዱ ወደ ሰማይ፣ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ።

እዚያ ላይ ጌታሁን በልማዱ ዘንጉን ሳበ። ተነሳ። ገፋ። ወረደ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «በጀርባው ሲሆን እሺ ይላል» አለኝ።

«እንግዲያው በጀርባው ይሁን፣ አታቃናው» አልኩ።

በጀርባው በረረ። ሜዳውን ዞረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ። ጌታሁን ፊቱ ፈታ ማለት ጀመረ፤ የእኔም ትንፋሽ ተመለሰ። የጓድ ገመቹ ትንፋሽ ግን ሲቋረጥ ሰማሁት። ቀና ብዬ አየሁ። ከላያችን የሚያልፈው ንጹህ ቀይ ፎደራ ነው፣ አንድ ፊደል የለበትም። ኢትዮጵያም ትቅደምም ወደ ሰማይ ዞረዋል።

ከዳሱ አንድ ሰው ሮጦ መጣ። ትልቁ ጓድ ሊቀመንበሩን ይፈልጋሉ አለ። ጓድ ገመቹ ሄደ፤ አካሄዱን ሳየው ጫማህን አድርግ የተባለ ሰው አካሄድ ነው። እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተከተልኩት። ምናልባት እሱ ከተወሰደ ቀጥሎ ማን እንደሚወሰድ ስለማውቅ ይሆናል።

«ጓድ» አሉ ትልቁ ሰውዬ በዝግታ፣ «ፕሮግራሙን ሲያሳዩኝ መፈክር ተጽፎበታል ተብዬ ነበር። የት አለ?»

«ከላይ ነው፣ ጓድ።»

«ለምን ከላይ? ሕዝቡ ከታች ነው ያለው።»

የጓድ ገመቹ ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ኦሮምኛው ሲቀድመው ከንፈሩ ላይ አየሁት፤ ዋጠው። ወደ እኔ ዞረ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፣ የራሴ ዓይን ነው። የዚያን ቀን ቤቴ ውስጥ የነበረው።

«ሕዝቡማ መፈክሩን በልቡ ያውቀዋል ጓድ» አለ። «የማያውቀው ጠላት ነው። ጠላት ደግሞ በአውሮፕላን ከላይ ነው የሚመጣው። ከላይ ሆኖ ሲመለከት እንዲያነበው ብለን ነው።»

ትልቁ ጓድ ወደ ሰማይ አዩ። ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«አስተሳሰቡ ጥሩ ነው» አሉ።

በዚያው ሞተሩ የጉሎ ዘይቱን ጨርሶ ጸጥ አለ። አውሮፕላኑን ነፋስ ተቀበለው፤ በጀርባው እንደተንጋለለ፣ ከሜዳው ጀርባ ካሉት ግራሮች በላይ አልፎ ወደ ወንጂ ሸንኮራ አገዳ ሲሄድ እየቀለለ፣ እያነሰ፣ ጠፋ። ከሕዝቡ መሐል አንዱ «ወደ ግንባር ሄደ» አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ጭብጨባው እስከ ሶደሬ ይሰማ ነበር ቢሉኝ አምናለሁ።

ሰልፉ ሲበተን ጓድ ገመቹ ከሜዳው ጀርባ፣ ግራሮቹ ሥር አገኘን። ሲጋራ አውጥቶ ክብሪት ጫረ። አልተለኮሰም። ሌላ ጫረ፣ ከእጁ ወደቀ። ክብሪቱን ተቀብዬ ለኮስኩለት።

ጌታሁን ማሰራጫውን በሁለት እጁ ዘረጋለት። «እንግዲህ የቀበሌው ንብረት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይውሰዱት።»

ጓድ ገመቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «እኔ? ቤቴ? አንቴና?» አለ። «ሰው ቢያየኝስ?»

«እኛስ ወዴት እንውሰደው?» አልኩት።

ሦስት ሰው፣ አንድ ጥቁር ሳጥን። ማንም ወደ ቤቱ ሊወስደው አይፈልግም።

«ቅበሩት» አለ።

አፈሩ ለስላሳ ነው፣ የናዝሬት አፈር አመድ ነው። ጌታሁን በግራር እንጨት ይቆፍራል፣ እኔ በእጄ አወጣለሁ። ጓድ ገመቹ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ሰው እንዳይመጣ ግራና ቀኝ እያየ ዘብ ቆመልን። አንድ ጊዜ የጋሪ ድምፅ ሲሰማ ሦስታችንም መሬት ላይ ቁጭ አልን፤ እሱ ቀድሞን ነው የተቀመጠው። ጋሪው አለፈ። አንቴናውን አጥፈን ከተትነው፣ አፈሩን መለስንበት፣ ጌታሁን ረገጠው።

ጓድ ገመቹ ከሱሪው አቧራውን አራገፈ። «እኔ እዚህ አልነበርኩም» አለ።

«እኛም አልነበርንም» አልኩት።

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እሱ በጋራው በኩል ሄደ፣ ጌታሁን በሜዳው በኩል ሄደ፣ እኔ በዋናው መንገድ። ቤት ስደርስ ባሌ ቀድሞኝ ደርሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር።